መንገደኛ ምስክር ነው፤ ስለ ጉዞ መጻሕፍት አጻጻፍ

በኦሪት ዘኍልቍ በ13ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሊቀ ነቢያት ሙሴ የከነዓንን ምድር አይተው ይመጡ ዘንድ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ላከ። ሲልካቸውም እንዲያው ሂዱ ብቻ አላላቸውም፤ ምድሪቱ ለም ወይም ጭንጫ እንደ ሆነች፥ ዛፍ እንዳለባት ወይም እንደሌለባት፥ ሕዝቡ ብዙ ወይም ጥቂት እንደ ሆነ፥ ከተማውም ቅጥር እንዳለው አንድ በአንድ መርምረው እንዲመጡ አዘዛቸው። እነርሱም በ40 ቀን ወይንና ሮማን በለስም ይዘው ተመለሱ። ዐሥራ ሁለቱ የረገጡት ምድር አንድ ነው፤ ያዩትም የወይን ዘለላ አንድ ነው። ነገር ግን ዐሥሩ ያዩትን ተናግረው ሲጨርሱ የፈሩትን ጨመሩበት፤ ራሳቸውን በአንበጣ መስለው የአገሩን ሰው ቁመት በገዛ ፍርሃታቸው ለኩት። ሕዝቡም ቃላቸውን አምኖ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። በዚህም ምክንያት የ40 ቀን ጉዞ የ40 ዓመት መንከራተትን ወለደ።

ይህን ታሪክ ማንሣቴ ለስብከት አይደለም፤ ስለ ጉዞ መጻሕፍት አጻጻፍ ጥቂት ለመናገር ፈልጌ ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የጉዞ መጽሐፍ ሲባል ሥራ የፈታ ሰው ጊዜውን የሚያሳልፍበት የወሬ መጽሐፍ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መንገደኛ የሚጽፈው ላላዩት ሰዎች ነው፤ ያላየ ሰው ደግሞ ነገሩን ከመጽሐፉ ጋር ሊያመሳክረው አይችልምና ማመን ወይም አለማመን ብቻ ይቀርለታል። እንግዲያስ የጉዞ ጸሐፊ ከልብ ወለድ ደራሲ ይልቅ በዳኛ ፊት ከሚቆም ምስክር ጋር ይቈጠራል። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝም ለእርሱ ጭምር ተሰጥቷል።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፥ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሲሰማ አስቀድሞ የሚመረምረው ወርቁን አይደለም፤ ሰሙን ነው። ተማሪው ስለ ጌታችን ስቅለት ሊናገር ፈልጎ የገበሬን እርሻ ሰም ቢያደርግ፥ ነገር ግን በሬው ሳይጠመድ ሞፈሩ ቢንቀሳቀስ፥ ዘሩም ሳይዘራ አውድማው ቢሞላ፥ መምህሩ «ልጄ፥ ሰምህ ጎድሏልና ሂድና አስተካክለው» ብሎ ይመልሰዋል። ምሥጢሩ ምንም ያህል ቢረቅ፥ እርሻ የማያውቅ ሰው በእርሻ ሊመስል አይገባውምና። ሰም ለብቻው ቢነገር እንኳ እውነት ሆኖ መገኘት አለበት።

የጉዞ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። መንገደኛው ያየው አገር ሰም ነው፤ ከዚያ አገር ለወገኑ የሚያወጣው ትምህርት ወርቅ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ወርቅ የሌለው የጉዞ መጽሐፍ የሆቴልና የባቡር ቍጥር ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ሰሙን ሳይሞላ ወደ ወርቁ የሚቸኵል መንገደኛ እንደ ዐሥሩ ሰላዮች አገሩን ሳይሆን ልቡን ይጽፋል። የዚህም ጽሑፍ ነገር ይህ ነው፤ የጉዞ ጸሐፊ ሙያ የሚለካው በቃሉ ጌጥ ሳይሆን የሰሙን ሙላት በመጠበቁ ነው።

ለዚህ ሙያ ምሳሌ የሚሆነንን ሩቅ ሄደን አንፈልገውም። ወንጌላዊው ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት በ27ኛው ምዕራፍ የቅዱስ ጳውሎስን የባሕር ጉዞ የጻፈበትን አኳኋን እንመልከት። መርከቢቱ ከየት እንደ መጣች፥ ነፋሱ ምን ተብሎ እንደ ተጠራ፥ መርከበኞቹ ጥልቀቱን ሲለኩ መጀመሪያ 20፥ ጥቂትም እልፍ ብለው 15 ሆኖ እንዳገኙት፥ በመርከቢቱም ውስጥ የነበሩት ነፍሳት 276 እንደ ነበሩ ይነግረናል። ከ20 ወደ 15 ሲወርድ አንባቢው ራሱ የብስ እንደ ቀረበ፥ ዐለትም እንደሚያሰጋ ያውቃል፤ ጸሐፊው «እጅግ አስፈሪ ነበር» ብሎ መጮኽ አላስፈለገውም። የመዳኑም ምሥጢር፥ ማለት ወርቁ፥ በዚህ በተሞላ ሰም ላይ ያርፋል። ቍጥር ለጉዞ ጸሐፊ ጌጥ አይደለም፤ የምስክርነቱ ማኅተም ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን እንመለስ። ስለ ኢትዮጵያ ከተጻፉት የጉዞ መጻሕፍት ቀደምት ከሆኑት አንዱ የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍ ነው። ይህ ሰው በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1520 ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ እስከ 1526 በአገራችን ቈየ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሚገባ ከዘረዘረ በኋላ አንባቢ ሐሰተኛ ይለኛል ብሎ ሰግቶ፥ የጻፈው እውነት እንደ ሆነ በእግዚአብሔር ስም ምሎ መጻፉን አቆመ። ይህ መሐላ ልብ የሚነካ ነገር ነው። ጸሐፊው የሚያሳስበው ራሱን ከፍ ማድረግ ሳይሆን ላላዩት ሰዎች የሰጠው ቃል መታመኑ ነውና። እንዲህ ያለ ፍርሃት ያደረበት ብዕር ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

በአንጻሩ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጣናን አልፎ ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1770 ሲሆን መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው፤ በመካከሉ 20 ዓመት አለ። ብሩስ ብርቱ መንገደኛ ነበረ፥ በጎንደርም ያየው ነገር ብዙ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከዚያው ምንጭ አጠገብ ቆሞ ሳለ፥ ብሩስ የመጀመሪያነቱን ክብር ለራሱ ሊያደርግ ከቀደሙት ጋር ተከራከረ። በዚህ ጊዜ ሰሙ ምንጩ መሆኑ ቀርቶ ወርቁ የጸሐፊው ስም ሆነ። በአገሩም ሰዎች እውነተኛውን ነገሩን ሳይቀር ተጠራጠሩት። ራሱን እጅግ የሚያሳይ ምስክር እውነቱንም ያስጠረጥራል።

ወደ እኛ ወደ ሸዋ ደጋዎች ስንመጣ ደግሞ አንድ ዐይነተኛ ምሳሌ እናገኛለን፤ ሁለት የኤውሮጳ ሰዎች በአንድ ዘመን አንድ አገር አይተው በሁለት ብዕር ጽፈዋልና። አንደኛው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ ነው። በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጥቶ በ1842 ከአንኮበር ተነሣና የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ትኖርበት በነበረው በሰላ ድንጋይ በኩል አድርጎ፥ ሞፈር ውሃን ተሻግሮ የመንዝንና የግሼን ደጋ አቋርጦ ወደ ወሎ ወጣ፤ በዚያም ተዘረፈ። ከጓደኛው ከኢዘንበርግ ጋር የጻፉት የዕለት ማስታወሻ በ1843 በሎንዶን ታተመ። ሁለተኛው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻለቃ ዊልያም ሃሪስ ነው። ከ1841 እስከ 1843 በሣህለ ሥላሴ ግዛት ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ ደጋዎች የጻፈውን ሦስት ቅጽ መጽሐፍ በ1844 አወጣ።

የሃሪስ መጽሐፍ በቃል የበለጸገ ነው። ተራራው ሁሉ ግርማ አለው፥ ገደሉ ሁሉ ያንቀጠቅጣል፥ ፀሓይ እንኳ ያለ ቅጽል አትጠልቅም። በአገሩም ሳይቀር ሰዎች አጻጻፉን ከልክ ያለፈ ጌጥ አለበት ብለው ነቅፈውታል። አንባቢው ከገጹ ሲነሣ የሚያስታውሰው የአንኮበርን ገደል ሳይሆን የሻለቃውን አንደበት ነው። ክራፕፍ ግን ደረቅ ነው። ቀኑን ይጽፋል፤ ከየት ተነሥቶ የት እንዳደረ፥ የትኛውን ወንዝ እንደ ተሻገረ፥ ማን እንደ ተቀበለው ይጽፋል። ከክራፕፍ ጋር በሃይማኖት አንገናኝም፤ የቤተ ክርስቲያናችንንም ሥርዓት ሲያይ አስቀድሞ ፈርዶ ስለሚገባ፥ በዚያ ስፍራ የእርሱም ሰም ይጎድላል። ነገር ግን ስለ መንገድ፥ ስለ ወንዝና ስለ ሰፈር በጻፈው ነገር፥ ዛሬ አንድ የመንዝ ሰው መጽሐፉን ይዞ በአያቶቹ አገር ሊሄድበት ይችላል። በሃሪስ ጌጥ ግን ማንም መንገድ ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ የምንወደውን ሰው ጽሕፈት ሁሉ እንደማናመሰግን፥ የማንስማማውንም ሰው እውነተኛ ጽሕፈት ማመስገን የሐያሲ ግዴታ ነው።

ከዚህ ከ100 ዓመት በላይ በኋላ ዶናልድ ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በመንዝ ተቀምጦ ያጠናውን ጨምሮ በ1965 አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙንም «ሰምና ወርቅ» አለው። መጽሐፉ የጉዞ መጽሐፍ አይደለም፤ ነገር ግን የቅኔ ቤታችንን ቃል ወስዶ የአማራን ሕዝብ ጠባይ ሊፈታበት ሞክሯል። ስለ ባላገሩ ኑሮ፥ ስለ እርሻው፥ ስለ ቤተ ሰቡ በዘረዘረበት ቦታ ብዙ የምንማርበት ነገር አለ። ነገር ግን ከቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ተነሥቶ የሕዝብን ሁሉ አነጋገርና ጠባይ በአንድ ቃል ለመፍታት መሞከር፥ ከአንድ ዘለላ ተነሥቶ ስለ ወይኑ ቦታ ሁሉ እንደ መፍረድ ነው። በአውድማና በገበያ ግልጽ ነገርን በግልጽ ቃል የሚናገር መንዜም ሞልቷልና። እዚህ ላይ ወርቁ ከሰሙ ሰፋ።

እስካሁን የተናገርነው ወደ እኛ ስለ መጡት ነው። ከእኛ ወገን ወደ ውጭ ሄደው ከጻፉትስ? የዐድዋው ፍሥሐ ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ወደ ኢጣልያ ስላደረገው ጉዞ በትግርኛ ጽፎ በ1895 በሮማ አሳትሟል። በአማርኛ ግን በዚህ ሙያ የሚቀድማቸው የሌለ፥ የገዛ ደጋችን ልጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደረሱ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት ጋር ሎንዶንን አዩ። ግርማዊት እቴጌ መነን በልዕልትነታቸው ዘመን በ1915 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ምስር ስላደረጉት ጉዞ፥ እንዲሁም ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ ኤውሮጳ ስላደረጉት ጉዞ መጻሕፍት ጻፉ። ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ግን በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን በሄዱ ጊዜ የጻፉት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ነው።

አስቀድሞ ስሙን እንመርምረው፤ የቅኔ ሰው የሰጠው ስም ነውና። ጃፓን የፀሓይ መውጫ አገር ትባላለችና ማኅደረ ብርሃን ማለት በሰሙ የፀሓይ ማደሪያ ማለት ነው፤ በወርቁ ግን የትምህርትና የሥልጣኔ ብርሃን ያደረበት አገር ማለት ነው። ደግሞም ማኅደር ማለት እኛ ተማሪዎች ዳዊታችንን ከትተን በትከሻችን የምናነግተው የቈዳ ከረጢት ነው። መንገደኛ ሁሉ የራሱን መጽሐፍ በማኅደር ይዞ ይሄዳል፤ ባዕድ አገርንም የሚያነበው በያዘው መጽሐፍ ነው። ይህ የኅሩይ መጽሐፍ ብርታትም ድካምም ከዚህ ይመነጫል።

ብርታቱ እንዲህ ነው። የጉዞ መጻሕፍታቸው አማርኛ ንጹሕ ነው። ሊቅ ሆነው ሳሉ ግእዙን ለማሳየት ብለው አንባቢውን አያስቸግሩም፤ ነገሩን በቅደም ተከተል፥ በአጭር ቃል ያስኬዱታል። የባሕር ጠረፍ ያላየ ባላገር አንብቦ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ሩቅ ምሥራቅን ወደ ሸዋ አቅርበዋል። መጽሐፉም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1934 ወደ ጃፓንኛ ተመልሷልና የታየው ሕዝብ እንዴት እንደ ታየ ራሱ ሊያነበው ቻለ። ይህ ለጉዞ ጸሐፊ ትልቅ ፈተና ነው፤ የሚጽፍለት ወገኑ ብቻ ሳይሆን የሚጽፍበት አገር ሰው ቢያነበውም የማያፍርበትን መጻፍ ይገባዋልና።

ድካሙ ደግሞ በንጽጽሩ ላይ ይታያል። በቅኔ አንጻር የሚባል መንገድ አለ፤ ሁለት ነገር ፊት ለፊት ቆሞ አንዱ በሌላው ይታያል። ብላቴን ጌታ የሁለቱን ነገሥታት ዘር ጥንታዊነት፥ የሁለቱን አገሮች ታሪክ መመሳሰል እያነጻጸሩ ጃፓንን የኢትዮጵያ መስተዋት አደረጓት። በዘመኑ የነበሩ ምሁራንም ብዙዎቹ በዚህ ያምኑ ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት እንኳ ከጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ንጽጽሩ ያማረ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያንን አስወጥተው ደጅ ዘጉ፤ በዚያው ዘመን የጃፓን ገዥዎችም ፖርቱጋሎችን አባርረው ደጅ ዘጉ። ነገር ግን አንጻር የሚያምረው መመሳሰሉ ካበቃበት ላይ ልዩነቱ ሲነገር ነው። ጃፓኖች ደጃቸውን ዘግተው ከ200 ዓመት በላይ በሰላም ሲቀመጡ ገበያቸውንና የእጅ ሥራቸውን አስፋፉ፥ ማንበብ የሚችለውም ሕዝብ በዛ፤ በናጋሳኪም በኩል ከሆላንድ ነጋዴዎች ጋር ይነግዱ ነበር። እኛ ደጃችንን ዘግተን ወደ ዘመነ መሳፍንት ደረስን። ደጅ መዝጋቱ አንድ ነው፤ በቤት ውስጥ የተሠራው ግን ሁለት ነው። ከአገራችን ይልቅ ጃፓንን ለማየት የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነገር ነበረ።

ሌላም አለ። የንጉሥ እንግዳ የሚያየው የተከፈተለትን በር ነው። ብላቴን ጌታ ወደ ጃፓን በሄዱበት በ1924 ዓ.ም.፥ በመስከረም ወር የጃፓን ጦር በማንቹሪያ ላይ ተነሥቶ ነበር። ያው ብርሃን ለማንቹሪያ ሰው እሳት ነበረ። ከዚያም አራት ዓመት ሳይሞላ የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር፥ ወዳጅ ይሆናል የተባለው መንግሥት ከወሬ የሚያልፍ ርዳታ አልሰጠንም፤ በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላነት ለውጦ የወራሪውን ገዥነት ተቀበለ። ብላቴን ጌታም በስደት ሳሉ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

ይህን ስጽፍ ታላቁን ሰው ነቢይ አልሆኑም ብዬ ልከስ አይደለም። የወገናቸው ፍቅር እንደ እሳት ያቃጥላቸው ነበር፤ ከኢየሩሳሌም እስከ ጃፓን የሄዱት ስለዚያ ነው። ዐሥሩ ሰላዮች ምድርን በፍርሃት ለኩ፤ እሳቸው በተስፋ ለኩ። ተስፋ ከፍርሃት እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ተስፋም ቢሆን የሰሙን ቦታ ከወሰደ አገሩን ይሸፍነዋል። የተመኘነውን አገር ስናይ ዐይናችንን ይልቁን ልንከፍት ይገባናል። ይህን ከኅሩይ መማር እሳቸውን ማክበር ነው እንጂ መንቀፍ አይደለም።

ይህ ሁሉ ነገር የታላላቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በቅርቡ አንድ ወጣት የአያቱን አገር ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ሞላሌ መጥቶ ሲመለስ ያዘጋጀውን ጽሑፍ እንዳይለት ሰጠኝ። መጀመሪያው «መንዝ እጅግ ቀዝቃዛና ችግረኛ አገር ነው፤ ሕዝቡ ግን ጀግናና እንግዳ ተቀባይ ነው» ይላል።

«ልጄ፥ ይህን ሳትመጣም ልትጽፈው ትችል ነበር» አልሁት።

«እንዴት አባቴ፥ ብርዱን እኮ በዐይኔ አይቼዋለሁ» አለኝ።

«ብርድ በዐይን አይታይም። ሌሊት ምን ለበስህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

የአያቱ ወንድም የገዛ ባናቸውን አልብሰውት እሳቸው በአሮጌ ዝተት እንዳደሩ፥ ባናውም ከገዛ በጎቻቸው ጠጕር እንደ ተሠራ፥ ጠጕሩን ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እንደ ፈተሉት፥ ጧት ሲነሣም በገብሱ ማሳ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ እንዳየው ነገረኝ። «እንግዲያስ ይህን ጻፍ፤ ቀዝቃዛም ችግረኛም እንግዳ ተቀባይም የሚሉትን ቃላት ሁሉ አውጣቸው» አልሁት። ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ባናውን ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም ነበር» አለኝ። አሮጊቷ ከሞቱ በኋላ የፈተሉት ሱፍ የልጅ ልጅን ከብርድ ማዳኑን ሳያይ ሊመለስ ነበር። ሰሙ ሲሞላ ወርቁ ራሱ ወጣ።

ከዚህ የተነሣ ለሚጽፉ መንገደኞች ጥቂት ምክር እሰጣለሁ። ያያችሁትን «አየሁ»፥ የሰማችሁትን «ሰማሁ» በሉ፤ ሁለቱን አትደባልቁ። በዕለቱ ጻፉ፤ ትዝታ ቀን ባለፈ ቍጥር ወደ ባለቤቱ ያደላልና። ርቀቱንና ዋጋውን፥ ቀኑንና ሰዓቱን አትናቁ። ቦታውንና ዕቃውን የአገሩ ሰው በሚጠራው ስም ጥሩት፤ ጓሳውን ሣር ብቻ፥ ጅብራውን ዛፍ ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ከአገራችሁ ጋር ስታነጻጽሩ መመሳሰሉ ያበቃበትን ቦታ አሳዩ። ስለ ራሳችሁ የምትናገሩት አንባቢው የቆማችሁበትን ስፍራ እንዲያውቅ ያህል ይሁን። ደግሞም በሩን ማን እንደ ከፈተላችሁ፥ ያልተከፈተላችሁም በር እንዳለ አትሸሽጉ።

ዛሬ መንገዱ ቀሏል። ለኢየሩሳሌም አባቶቻችን ወራት በእግርና በመርከብ የሄዱበትን ሰው በጥቂት ሰዓት በአይሮፕላን ይደርሰዋል፤ ፎቶግራፍም በኪሱ አለ። ስለዚህ የሚሄደው በዝቷል፤ የሚመሰክረው ግን እንደ ሄደው ብዛት አይደለም። ከካህናቶቻችንና ከተማሩት ልጆቻችን ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ይኖራሉ። ስለሚኖሩበት አገር የሚጽፉልን ወይ ብርሃን ብቻ ወይ ጨለማ ብቻ ከሆነ፥ እዚህ ቀርቶ የሚሰማው ወጣት በዚያ ቃል ተነሥቶ ንብረቱን ሸጦ ይሄዳል፤ ወይም ልቡ ተሰብሮ ይቀራል። በከነዓን በር የሆነውም ይህ ነበረ። እንግዲህ ብዕር የያዘ መንገደኛ ሁሉ፥ ከኋላው ቃሉን አምኖ የሚያለቅስ ወይም የሚነሣ ሕዝብ እንዳለ ያስብ። ኢያሱና ካሌብ የምድሪቱን ፍሬም የቅጥሩንም ብርታት አይተው ነበር፤ እውነቱን ስለ ጠበቁም ከላኳቸው ትውልድ መካከል ወደ ምድሪቱ የገቡት እነርሱ ሆኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከሞላሌ፥ ከመንዝ ማማ ምድር